ለቅሶ የሌለበት ጥድፊያ

ሰው ለጤናው ብሎ ስፖርት ይሠራል የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ሰው የሚሮጠው ሌላው እንዳይቀድመው ነው። እኔን እዩኝ… ሐኪም «ካልተራመድክ ስኳርህ አይወርድም» ቢለኝ «እሺ ዶክተር» ብዬ በባጃጅ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሚስቴ አልማዝ ብትለምነኝ ጋደም ብዬ ሰማኋት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? የኔ መከራ ራሱን «አቦሸማኔ» ብሎ የሰየመ፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ የስልክ ሰው ነው።

ነገሩ እርምጃ የሚቆጥር የስልክ ጨዋታ ነው። በቡድን ትገባላችሁ፤ የሁላችሁም እርምጃ ይደመራል፤ ብዙ የተራመደው ቡድን ያሸንፋል። እኔ ስተኛ አቦሸማኔ «ጋሼ፣ ጨዋታውን ሊያስበሉን ነው?» ብሎ ይጽፍልኛል። የት እንደሚኖር እንኳ አላውቅም፣ ግን አፈርኩት። የሚስቴን ልመና የቻለ ጆሮዬ የሱን ወቀሳ አልቻለም።

ይባስ ብሎ በተቃራኒው ቡድን ያለው ሐዋሳ የሚኖረው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ታሪኩ ነው። «የተሸነፈ ለፋሲካ ቤተሰብ ፊት የአሸናፊውን እግር ይጠብ» ተባባልን። በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው እግር… አስቡት እስቲ።

በመጨረሻው ቀን ለማሸነፍ ጥቂት እርምጃ ብቻ ቀርቶናል። ማልጄ ጋቢዬን ደርቤ፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነካሁት። ዲላን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ባጃጅ ሞልቶ እያለ፣ በጠዋት፣ በጋቢ፣ በእግሩ ከተጣደፈ ሰው ሞቶበታል።

ጎረቤቴ እትዬ ባዩሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉኝ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ በራሶ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ። እኔ ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ሊቀድሙኝ መስሎኝ ፍጥነት ጨመርኩ። እነሱም «የቅርብ ዘመዱ ነው መሰል» እየተባባሉ ጨመሩ።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ዞር ስል ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል።

«ማን ነው?» አሉኝ ጋሽ በራሶ እያለከለኩ።

«ማን ምን?»

«የሞተው ነዋ!»

«ኧረ ማንም አልሞተ። እርምጃ እያስቆጠርኩ ነው።»

«ለማን?»

ለአቦሸማኔ ልበላቸው? ስልኬን ላሳያቸው ኪሴን ብዳብስ… የለም። ለካ ቤት ቻርጅ ላይ ሰክቼው ነው የወጣሁት። ያ ሁሉ መንገድ አንዲት እርምጃ ሳትቆጠርለት ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለቅሶ የመጣብኝ ያኔ ነው።

ለፋሲካ ታሪኩ ከሐዋሳ እኛ ቤት መጥቶ እግሩን ዘርግቶ እየሳቀ ተቀመጠ። ውሃ አሙቄ ጎንበስ እንዳልኩ ጋሽ በራሶ እነእትዬ ባዩሽን አስከትለው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን ገቡ።

«ጋሽ በራሶ፣ እስቲ ይመስክሩልኝ፤ ያን ቀን አልተራመድኩም?»

«ተራምደሃል እንጂ። እኛንም በባዶ ሆዳችን አስከትለኸናል» አሉና ወንበር ስበው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። «እሱን ጨርስና እኛ በተራ ነን።»

የስልክ ጓደኛ ምን ይረባል ትላላችሁ። ቢያንስ እግሩን ይዞ ቤት አይመጣም።