ዳገት የሌለው ካብ

በሆዱ ነገር ይዞ መንገድ የሚሄድ ሰው ከፊቱ ይታወቃል። ጆንያ የያዘ ሰው ጆንያውን መኪናው ጣሪያ ላይ አስጭኖ እፎይ ይላል፤ ነገር የያዘ ሰው ግን ከመርሳ እስከ ወልድያ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ይደርሳል። እኔም ባለፈው ዓመት እንዲሁ ስሄድ የሚኒባሱ ረዳት "አባት፣ የት ነው የሚወርዱት?" ቢለኝ፣ "ወይ ግባና መሬቱን ያዝ" ብዬው ቁጭ አልኩ። "እሺ፣ መጀመሪያ ግን እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ" አለኝ።

እኔ ወሬ አላበዛም። ባለቤቴ ዝናሽ "አንተ ሰውዬ፣ ቃል የሚያልቅብህ ይመስልሃል እንዴ?" ትለኛለች። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን የተማርኩት ከግራና ከተማ በላይ ካለው ተዳፋት እርሻችን ነው። ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስደው እርሻው በካብ የተያዘ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ያለ ጭቃ። የታችኞቹን ካቦች አያቴ ካባቸው፤ የመካከሉን አባቴ፤ የላይኛውን እኔ። እኔ ስክብ ድንጋይ የሚያቀብለኝ ልጄ አድማሱ ነበር። እጄን ወደ ኋላ እዘረጋለሁ፣ የሚሆነው ድንጋይ መዳፌ ላይ ይቀመጣል። ዞሬ አላይም። ጎበዝ ብዬውም አላውቅም። ጎበዝ ነበር።

ያ የላይኛው ካብ በክረምቱ ተደረመሰ። ጉልበቴም ከድቶኛል። በሆዴ የያዝኩት ነገር እንግዲህ ይኸው ነበር፤ "ወይ ግባና መሬቱን ያዝ፣ ወይ ለሰው የእኩል እሰጠዋለሁ።" አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ሳምንት ሙሉ ተለማምጄዋለሁ።

አድማሱ ጅዳ ሰባት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ነው። እዚያ የሠራው የባሕር ዓሣ በመስታወት ውስጥ እያኖሩ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ከዚያ አገር ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል፤ የኔው ባሕር መሥራት ተምሮ መጣ። አሁን ወልድያ ውስጥ አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው የሚሆን ትንሽ ባሕር አዞት ነበር።

ቤቱ ስደርስ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ከፊቱ ወርዱም፣ ርዝመቱም፣ ቁመቱም እኩል አንድ ክንድ ከስንዝር የሆነ የመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ በርሜል ውሃ አለ፤ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት።

"ጨው በዝቷል" አልኩት።

"ባሕር እኮ ነው አባ" አለኝ፤ ጉልበቴን ስሞ ወንበር አቀረበልኝ። "ይቀመጡ።"

አልተቀመጥኩም። መስታወቱ ውስጥ እንደ ገበያ ቲማቲም የተከመረ ነጭ ድንጋይ አየሁ። እያየሁት የላይኛው ተንከባለለ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲክበውና ሲፈርስበት እንደቆየ ነገረኝ። ውሃ ከገባ በኋላ አንዱ ቢወድቅ መስታወቱን ይሰብረዋል፤ የሆቴሉ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሊያይ ይመጣል።

ለነገሬ ይህ ጥሩ ጊዜ ነበር። የተሸነፈ ሰው መሬት ያዝ ሲሉት ይይዛል። አፌን ከፈትኩ። "ድንጋዩን ገልብጠህ ነው ያስቀመጥከው" የሚል ወጣኝ።

ጋቢዬን አውልቄ ሁሉንም አወጣሁትና እንደገና ካብኩት። ሰፊውን ከታች፣ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ጀርባውን ወደ ዳገቱ ዘንበል። ካብ እንደዚያ ነው የሚቆመው። አድማሱ አየኝና ሳቁን ዋጥ አደረገ።

"አባ፣ ዳገት የለም። ያስደገፉት መስታወቱ ላይ ነው።"

ሃምሳ ዓመት ስክብ ዳገት የሌለው ካብ ገጥሞኝ አያውቅም። የኔ ካብ ፊቱ አንድ ነው፤ ጀርባውን አፈር ይሸፍንለታል። ይኼኛው በአራቱም ጎን ይታያል። ጀርባ የለውም። መስታወቱንም መንካት የለበትም፤ የሚያጸዳ እጅ በዙሪያው ማለፍ አለበት አለኝ። በመካከሉም ውሃ የሚመላለስበት፣ ዓሣው የሚደበቅበት ዋሻ ይፈልጋል።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ዳገት ከሌለ ድንጋይ የሚደገፈው ሌላ ድንጋይ ላይ ነው። እኔ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ ሆነን እንዲተቃቀፉ አድርገን ጀመርን። አንድ ጊዜ ሳላስበው እጄን ወደ ጎን ዘረጋሁ። የሚሆነው ድንጋይ መዳፌ ላይ ተቀመጠ።

ዞሬ አላየሁም። ዓይኔ ውስጥ ጨው ገብቶ ነበር።

ድንጋዩ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ነው። "የሞተ ኮራል ነው፤ የባሕር እንስሳ አጥንት ይበሉት" አለኝ አድማሱ፤ "ሕይወት ያለው የሚተከለው በዚህ ላይ ነው።" ሕይወት ያላቸው በሌላ መስታወት ውስጥ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር፤ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ አበባ የሚመስሉ፣ ግን እንስሳ የሆኑ። በሞተው ላይ ነው የሚያድጉት ሲለኝ የአያቴ ካብ ትዝ አለኝ። የኔ እህልም የሚበቅለው እሱ በካበው ላይ ነው። አልነገርኩትም። ብርሃን የሚወዱትን ከላይ፣ ጥላ የሚወዱትን ከሥር መደብን። ሁለቱን ላጠጋጋ ስል እጄን ያዘኝ።

"ድንበር ከተጠጋጉ ይናደፋሉ።"

"እንደኛ እንደ ሀብሩ ገበሬ ናቸው እንዴ?" አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። እናንተ የልጃችሁን ሳቅ በየቀኑ ትሰሙ ይሆናል። እኔ ከሄደበት ዘመን ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

አመሻሽ ላይ መናኸሪያ ሸኘኝ። "አባ፣ የመጡበትን ሳይነግሩኝ?" አለኝ።

"ልይህ ነው የመጣሁት" ብዬ ተሳፈርኩ። ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩት ነገር እንዳለ ሆዴ ውስጥ ወደ መርሳ ተመለሰ።

ዝናሽ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ነገርከው?"

"ድንጋይ ስናነሳ ዋልን።"

"አይ ያንተ ነገር" ብላ ገባች።

መሬቱን ለጎረቤቴ የእኩል እንዲያርሰው ሰጠሁት። ወር ሳይሞላ አድማሱ ደወለ። የሆቴሉ ሰው ወዶታል፤ ከደሴ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ታዟል። "እጄ እንዲፍታታ ያን የፈረሰ ካብ መጥቼ ልካበው?" አለኝ። መጣ፣ እኛው ቤት እያደረ ሦስት ቀን ካበ፣ ሄደ። መሬት ያዝ ቢባል የማይመጣው ለድንጋይ መጣ።

አሁን ጎረቤቴን የሚያስጨንቀው አንድ ነገር አለ። ዝናብ ሳይጥል፣ ጎርፍ ሳይመጣ፣ ያ ካብ በየሁለት ወሩ ከአንድ ጫፉ ይፈርሳል። "ዝንጀሮ ይሆን?" ይለኛል። "ይሆናል" እለዋለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል ያልኳችሁ ለመካብ ነው እንጂ ለማፍረስስ አላነሰኝም።

ከዚያ ለአድማሱ እደውላለሁ። ወሬ አላበዛም።

"ፈረሰ" እለዋለሁ።

"ቅዳሜ እመጣለሁ አባ።"