ሊቀ ጠያቂያን ይርጋ ዲስክ ሲመርጡ

ጠይቆ የማይጠግብ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አለ ከተባለም የዚያ ከተማ ባለሱቅ ሁሉ ያለ ጥርጥር ወፍራም ነው። ለእኛ ለንፋስ መውጫ ባለሱቆች የደረሱን መምህር ይርጋ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። «ሊቀ ጠያቂያን» የሚለውን ማዕረግ ማንም አልሰጣቸውም፤ እኔ ነኝ በገዛ ሥልጣኔ የሾምኳቸው።

እኔ ሰብለ እባላለሁ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ስልክና ኮምፒውተር የምጠግንባት፣ ፎቶ ኮፒም የማነሳባት አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ። ሊቀ ጠያቂያን ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። ያስተማረ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ከሱቅ አይባረርም፤ ወንበር ይሳብለታል እንጂ። እሳቸውም ይኼን በደንብ ያውቁታል።

ሲገቡ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አቧራውን ለማራገፍ ደፉ ላይ ጫማቸውን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋሉ። ከዚያ «ሰብልዬ፣ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው» ይላሉ። ይኼን የሰማ ደንበኛ ሁሉ «በቃ ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል።

ስለ ጥንቃቄያቸው የማይወራ የለም። ለፋሲካ የሚታረድ በግ ሲያማርጡ ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰባቸው ይባላል። አንድ ክረምት ደግሞ አርብ ገበያ ወርደው ጥላ ሊገዙ ነበር አሉ። የዘንጉን ብረት፣ የጨርቁን ክር፣ የሻጩን የትውልድ ቀበሌ ሳይቀር ጠይቀው ሲያበቁ እላያቸው ላይ ሲወርድ የነበረው ዝናብ አባራ። «እንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» ብለው በስብሰው ተመለሱ። ባለቤታቸው እትዬ ቦጋለች ሰው በዚህ ሲስቅ አይከፋቸውም። «ምን ይገርማችኋል? እኔን ራሴን ሦስት ዓመት ነው ያጣራኝ» ይላሉ። «ሽማግሌ ሲልክ አባቴ “ደሞ ዛሬ ምን ሊጠይቅ ነው?” ነው ያለው።»

የአሁኑ ጉዳይ ግን በግም ጥላም አይደለም። መምህር ይርጋ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያልሰበሰቡት ነገር የለም። የካሴት ቅጂ አለ፤ የሰው የሠርግ ቪዲዮ አለ፤ የወላጆች በዓል ፎቶ አለ፤ ገጽ በገጽ በስልክ ያነሷቸው መጻሕፍት አሉ፤ እትዬ ቦጋለች የሚወዷቸው ሠላሳ አራት የህንድ ፊልሞች አሉ። ካሴቶቹን ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦላቸው፣ ሁሉም መዳፍ በምታህል አንዲት ጥቁር ዲስክ ውስጥ ገባ። ካሴቶቹ ራሳቸው ጣሪያው ባፈሰሰበት ክረምት ሻግተው ተጣሉ። የሠላሳ ዓመት ልቃሚ በአንዲት ዲስክ ላይ ቀረ።

ደብረ ታቦር የምትሠራው ልጃቸው ሩት አንድ ቀን በስልክ «አባዬ፣ ይኼን ሁሉ ቤት ውስጥ ሰርቨር ላይ ብታደርገው እኮ ከማንኛውም ስልክ ይታያል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም» አለቻቸው። ልጅ ናት፤ ምን እንደቆሰቆሰች አላወቀችም።

ሰርቨር ሲሉት ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ፋይሎቹን የያዘ፣ ሳይጠፋ የሚውል አንድ ኮምፒውተር ነው። ላዩ ላይ ፊልሙን ከፊልም፣ ድምፁን ከድምፅ እየለየ የሚደረድር ሶፍትዌር ይጫናል። የቤቱ ሰው በዋይፋይ ከስልኩ ሆኖ የፈለገውን ይከፍታል። እኔ በአንድ ከሰዓት እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። አሥራ አራት ወር ፈጀ።

መጀመሪያ የሶፍትዌሩ ምርጫ መጣ። ሊቀ ጠያቂያን አንድ ደብተር ገዙ (ደብተሯን ምንም ሳይጠይቁ መግዛታቸው ይመዝገብልኝ)፤ በማስመሪያ አሰመሩና ጄሊፊን፣ ፕሌክስ፣ ኮዲ ብለው ከላይ ጻፉ።

«ሰብልዬ፣ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው። ይኼ ጄሊፊን የሚሉት ስንት ነው?»

«ነጻ ነው ጋሼ።»

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ለምን ነጻ ሆነ?»

«በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በፈቃዳቸው ተባብረው ነው የሚሠሩት። ደቦ በሉት።»

«ደቦ ከሆነ ጠላውን ማን ያወጣል?»

ፕሌክስ ሲጀመር በኢንተርኔት አካውንት መክፈት እንደሚፈልግ ስነግራቸው ደግሞ «ለገዛ ቤቴ ደጅ ልጠና ነው?» ብለው ሰረዙት። በማግሥቱ ግን «በችኮላ ፈረድኩበት» ብለው ስረዛውን በላጲስ ሊያጠፉ መጡ። ላጲሱን ከእኔ ነው የተዋሱት። ኮዲ የሚመቸው ለአንድ ቴሌቪዥን ነው ስላቸው፣ «የእኛን ቴሌቪዥን ጠይቀሽው ነው?» አሉኝ።

ቀጥሎ ዲስኩ መጣ። የሚሽከረከረው ብዙ ይይዛል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ የማይሽከረከረው ፈጣን ነው፣ ቢወድቅም ቶሎ አይጎዳም አልኳቸው። መደርደሪያዬ ላይ የነበረውን አዲስ ባለ ሁለት ቴራ ዲስክም እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እንደ ሐኪም አዳመጡት።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«አዲስ ነው ጋሼ።»

«አይ፣ የሚኖረውን ማለቴ ነው።»

«እሱን እንኳ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«እግዜርን ከማስቸገሬ በፊት ብዬ ነው አንቺ ዘንድ የመጣሁት።»

እኔ አልበቃ ስላቸው እዚሁ አገራችን ያለችው ቤተ ልሔም ደብር ድረስ ሄደው አንድ የድጓ መምህር፣ መሪጌታ ስንታየሁን፣ ጠየቁ። ሊቁ እንኳን ስለ ዲስክ ስለ ቴሌቪዥንም ግድ የላቸውም። መምህር ይርጋ ግን «ይኼን ሁሉ ዘመን መጻሕፍቱን እንዴት ጠበቃችኋቸው?» ብለው ጀመሩ።

«እየገለበጥን ነዋ» አሏቸው መሪጌታ። «አንዱን እሳት ይበላዋል፤ አንዱን አይጥ ይበላዋል፤ ሦስተኛው ሌላ ደብር ይገኛል። ለመሆኑ የአንቱ ስንት ቅጂ ነው?»

ሊቀ ጠያቂያን ተጠያቂ ሆኑ። «አንድ» አሉ።

«እንግዲያማ የለዎትም።»

ይኼን ራሳቸው መጥተው ሲነግሩኝ፣ በቃ ዛሬስ ገዙ ብዬ ደስ አለኝ። አልገዙም። «ዲስኮቹ ከአንድ ፋብሪካ ይሁኑ ወይስ ከተለያየ?» የሚል አዲስ ዓምድ ደብተሯ ላይ ተጨመረ።

ግንቦት ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቄ ገቡ። ባርኔጣቸውን አላወለቁም። በፎጣ የተጠቀለለችውን ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ቆሙ። ምንም አልጠየቁኝም።

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ዲስኳን ላፕቶፔ ላይ ስሰካት ከውስጧ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሚሽከረከር ዲስክ ሊሞት ሲል እንዲህ ያደርገዋል።

«መቼ ጀመራት ጋሼ?»

«ትናንት።»

«አትቆይም። ሁሉንም ላናተርፍ እንችላለን። ከየቱ ልጀምር?»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሳቸው መርጠው እስኪጨርሱ ዲስኳ ተቀብራ ሠላሳዋም ይወጣል ብዬ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ መለሱ።

«“አደራ” የሚለውን ቅደሚ። ከዚያ “ጥያቄ” የሚለውን። ከዚያ የትምህርት ቤቱን። ከዚያ የእኛን ሠርግ። የህንዶቹ ይቆዩ።»

«አደራ» ውስጥ የነበረው የሌላ ሰው ንብረት ነው። ጎረቤታቸው አማረች የሟች ባሏን ድምፅ፣ ሌላው የልጁን ክርስትና፣ ሌላው የእናቱን ተዝካር «እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ» እያለ የሰጣቸው ነው። አዲሱን ዲስክ ከመደርደሪያው አውርጄ መገልበጥ ጀመርኩ። ሊቀ ጠያቂያን ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ይዘው ዝም አሉ። አራት ሰዓት ሙሉ። በሱቄ ታሪክ እንዲህ ያለ ጸጥታ አላውቅም።

እትዬ ቦጋለች ነገሩን ሰምተው ሲመጡ «ጥያቄ» አልቆ የትምህርት ቤቱ ላይ ደርሰን ነበር። ወዲያው መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ። ሦስታችንም የስክሪኑ ማዕዘን ላይ ያለችውን የባትሪ ቁጥር ስናይ አርባ፣ ሠላሳ፣ ሃያ እያለች ወረደች። ሠርጋቸው ተገልብጦ ሲያልቅ ባትሪው አሥራ አንድ ከመቶ ቀርቶታል። የህንድ ፊልሞቹን ጀመርን። ሁለተኛው እንዳለቀ ዲስኳ አንዴ አቃሰተችና ጸጥ አለች። ደግሜ ብሰካት፣ ገመድ ብለውጥላት አልነቃችም።

«ሠላሳ ሁለቱ ቀሩ» አልኩ።

እትዬ ቦጋለች ወደ ባላቸው ዞሩ። «የእኔን ነው መጨረሻ ያደረግከው?»

«ቦጌ፣ እነሱ ሌላ ቦታ ይገኛሉ። ሌላው ግን የትም የለም።»

እትዬ ቦጋለች ነገሩ ገብቷቸዋል። ቢገባቸውም ግን በዓለ ኀምሳ ነው፣ ጾም የለም፣ ሊቀ ጠያቂያን ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ ብቻ ቀረበላቸው።

በዚያው ሳምንት፣ እኔ ራሴ ካላየሁ የማላምነው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጠዋት ተመረጠ። ሶፍትዌሩ ጄሊፊን ሆነ። ሰርቨሩ እኔ ዘንድ የነበረ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ሆነ፤ ባትሪው ደህና ስለሆነ መብራት ሲሄድ አይደነግጥም። ዲስኩ ሁለት፣ ሦስተኛው ቅጂ ደብረ ታቦር ሩት ዘንድ። እሳቸው ቤት ሄጄ ላፕቶፑን ከዋይፋይ ሳጥኑ ጋር አገናኘሁና ፋይሎቹን በየስማቸው ማሰለፍ ጀመርኩ።

«ጥያቄ» የሚለውን የባዮሎጂ ፈተና ነው ብዬ ነበር። ስከፍተው ስድስት መቶ አሥራ አንድ የድምፅ ቅጂ ነው። እያንዳንዱ ላይ የሰው ስም፣ ርእስ፣ ቦታ፣ ዓመት ተጽፏል። የሲማዳ ንብ አናቢ አለ፤ የእስቴ የልምድ አዋላጅ አለች፤ ጨጨሆ ላይ አህያ የሚነዱ የእህል ነጋዴ አሉ። መምህር ይርጋ በየክረምቱ ዕረፍት ቴፕ ተሸክመው በእግራቸው ሲዞሩ ኖረዋል። ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ዝርዝሩን ወደ ታች ስስበው «ቢሻው ተገኘ፣ ገብስ» የሚል አየሁ።

ቢሻው ተገኘ አባቴ ነው። ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

አባቴ ዝምተኛ ገበሬ ነበር። ቤት ውስጥ በቀን የሚናገረው ቃል በጣት ይቆጠራል፤ «በሬዎቹ ጠጡ?»፣ «ብሉ»፣ «ተመስገን»። ፋይሉን ተጫንኩት። መጀመሪያ የመምህር ይርጋ የጎልማሳነት ድምፅ መጣ፤ «አቶ ቢሻው፣ ጥቁሩ ገብስና ሰምረታ የሚሉት ገብስ አንድ ማሳ ላይ ይስማማሉ?» አለ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ አርባ ስምንት ደቂቃ ተናገረ።

የአፈር በሽታ በምን እንደሚታወቅ ተናገረ። ውርጭ የመታው ገብስ ጠዋት ላይ ምን እንደሚመስል ተናገረ። የበሬዎቹን ስም፣ ጠባያቸውን፣ የትኛው እንደሚያኮርፍ ተናገረ። መሃል ላይ ደግሞ፣ ጎረምሳ ሳለ ዘር ሲበትን አንዲት ልጅ ውሃ ተሸክማ በማሳው ዳር እንዳለፈች፣ እሷን ሲያይ የያዘውን ዘር እንዳለ አንድ ቦታ እንደዘረገፈው አወራ። «በዚያ ዓመት አንዷ ጥግ ጫካ ሆነች፤ ሌላው ራሰ በራ!» አለና ሳቀ። ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ሳቀ። እኔ የአባቴን ሳቅ አብሬው በኖርኩበት ሃያ ስድስት ዓመት አልሰማሁትም ነበር። ለካ አባቴ ዝምተኛ አልነበረም። የሚጠይቀው አጥቶ ነው።

ዓይኔን በክንዴ ጠርጌ ወደ መምህር ይርጋ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ይኼ እርስዎ ዘንድ እያለ ለምን አልነገሩኝም?»

እሳቸው በጣም ተገረሙ። «አልጠየቅሽኝማ!» አሉ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴን፣ እማማ አመተ ማርያምን፣ ይዣት ሄድኩ። ምን እንደምታሰማ አልነገርኳትም። እትዬ ቦጋለች ከአጠገባቸው አስቀመጧት፤ ስልኬን ከፍቼ ጉልበቷ ላይ አኖርኩላት። የአባቴ ድምፅ ሲመጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስለ አፈሩ ሲያወራ ራሷን ነቀነቀች። ስለ በሬዎቹ ሲያወራ እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። የውሃዋን ልጅ ታሪክ ጀምሮ ሲስቅ ግን ቀና አለች።

«አጥፊው እስቲ» አለችኝ። አጠፋሁት።

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መምህር ይርጋ ዞረች። እሳቸው ገና «እማማ፣ እንዲያው ለ—» ብለው ሳይጨርሱ፣ «ይቅረጹኝ» አለቻቸው። «ውሃ አይደለም፣ እንጨት ነው የተሸከምኩት። ደግሞም ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።»