ቁልፉ በማን እጅ ይሁን? በመኪናችን ጋቢና የተደረገ የቤተሰብ ስብሰባ

ቅዳሜ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ከመጀመሬ በፊት፣ እየፈራሁም ቢሆን፣ አንድ ነገር ላምን። ጸሐፊ የሆንኩት ጽሕፈቴ አምሮ አይደለም፤ አጎቴ «እሷ እንደሆነች አትናገርም፣ ትጻፍ» ስላለ ነው። ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ደግሞ በዚህ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ማንም ያልተናገረው አንድ ሐሳብ አለ። የኔ ነው። ሹልክ አድርጌ አስገባሁት።

ቦታ፦ የአባቴ ከባድ መኪና ጋቢና። ሰብሳቢው ጉልበታቸውን አሟቸው ወደ ግቢ ማስገባት ስላልቻሉ፣ መኪናው ከነተሳቢው የጎረቤታችንን የታክሲ ነጂውን በር ዘግቶ ቆሟል። ስብሰባው ቤት ያልተደረገው ሰብሳቢው «መኪናውን በሌለበት ማማት ደግ አይደለም» በማለታቸው ነው።

የተገኙ፦
1. አባቴ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ ሾፌር፣ ሰብሳቢ፤ በመሪው ወንበር
2. እናቴ፣ አባል፤ ከወንበሩ ኋላ ባለው መኝታ ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው
3. አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ልብስ ሰፊ፣ አባል፤ እዚያው መኝታ ላይ፣ የተረፈውን ቦታ ይዘው
4. አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አባል፤ አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት በር ላይ ዘበኛ ስለነበር «ሕጉ» ይባላል
5. ወንድሜ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ አባልና ዕጩ፤ በመስኮቱ በኩል
6. ጸሐፊዋ፤ ማርሹ አጠገብ፣ በተደፋ ባልዲ ላይ

ሕጉ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን በሩን ለመዝጋት በመሞከር አረጋገጠ። በሩ በሦስተኛው ግፊት ተዘጋ።

የስብሰባው ምክንያት፦ የሰብሳቢው ግራ ጉልበት ከእንግዲህ ፍሪሲዮን እንዳይረግጥ ሐኪም ከልክሏል። ተረካቢ ከተገኘ መኪናው ይቀራል፤ ካልተገኘ ነገ ጠዋት ገዢ ይመጣል።

የአነጋገር ሥርዓት፦ በቤታችን ደንብ የሚናገረው የመኪናውን ቁልፍ የያዘ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ደንቡን ያወጡት «አንድ መሪ ሁለት ሰው አይዘውረውም» ብለው ነው። ተናጋሪ ሲጨርስ ቁልፉ ጸሐፊዋ ጭን ላይ ይቀመጣል።

አጀንዳ 1፦ የሾፌርነት መልካም ጎን

ሕጉ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ሲወቀስ እንደኖረ፣ ቁጭ ብሎ እየበላ የሚመሰገን ግን ሾፌር ብቻ መሆኑን አስረዳ። አክስቴ ሾፌር አለቃ እንደሌለበት ተናገሩ። እናቴ «እኔስ?» አሉ። ያለ ቁልፍ የተነገረ ስለሆነ አልተመዘገበም።

እናቴ ቁልፉን ሲያገኙ፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር ከባላቸው ጋር የተጣሉባቸው ቀናት ሠላሳ እንኳ እንደማይሞሉ፣ ይህም የሆነው ባላቸው እቤት ስለማይውሉ መሆኑን ገልጸው፣ በመልካም ጎን እንዲያዝላቸው ጠየቁ። ተያዘ። ሰብሳቢው ቅር መሰኘታቸው አብሮ ተያዘ።

አንድ ተሰብሳቢ፣ ከጋቢና ሆነው ሲያዩት የሰው አጥር ሁሉ አጭር እንደሆነ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ዝም ያለ ሰው እንደ ጥፋተኛ እንደማይታይ ገለጸ።

አጀንዳ 2፦ የሾፌርነት መጥፎ ጎን

እናቴ ቁልፉን ወስደው ለሃያ ደቂቃ አልመለሱም። ሰብሳቢው የወንድሜ የመጀመሪያ ጥርስ መብቀሉን በስልክ እንደሰሙ፣ ሊያዩት ሲመጡ ግን ጥርሱ ወልቆ እንደደረሱ፤ በእንቅልፍ ልባቸው ፍሬን ሲረግጡ የእናቴ ቅልጥም እንደሚበልዝ፤ ከቤት ሲወጡም የአልጋውን አራት እግር በጫማቸው እየመቱ ነፋስ መያዙን እንደሚፈትሹ አስረዱ።

ሰብሳቢው «አንዴ ነው!» አሉ።

እናቴ «አዎ፣ በሳምንት አንዴ» አሉ።

አክስቴ በበኩላቸው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ሰው ሱሪ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲጥፉ መኖራቸውን ገልጸው፣ ልጁም ሾፌር ከሆነ ሌላ ጣፊ እንዲፈለግ አሳሰቡ። ሰብሳቢው መልስ ለመስጠት ሲዞሩ ክርናቸው ክላክሱን ተጫነው። መንገደኛው ሁሉ ወደ ግድግዳ ተለጠፈ። ሕጉ፣ ክላክሱ እንደ ድጋፍ ነው ወይስ እንደ ተቃውሞ የሚቆጠረው ሲል ጠየቀ። ከረጅም ውይይት በኋላ ድምፀ ተአቅቦ እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ተረካቢ

ሰብሳቢው ወንድሜን አጩ። ወንድሜ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «አባዬ፣ እኔ እኮ ደንበኛ በወንበር ሳዞር ራሴን የሚያዞረኝ ሰው ነኝ» አለ። ሕጉ ይህ የሚለመድ ነገር መሆኑን ገለጸ። በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ፣ ወንድሜ ከዛሬ ጀምሮ ሾፌር እንዲሆን ተወሰነ። ተቃዋሚው ወንድሜ ነው።

ለሙከራ ሞተሩ ተነሣ። መኪናው አልተንቀሳቀሰም፤ ወንድሜ ግን መስኮቱን ፈጥኖ ዝቅ አደረገ። በዚያው ቅጽበት ጎረቤታችን ሊያነጋግሩን መወጣጫው ላይ ወጥተው ነበር። ከመስኮቱ የወጣው ነገር በዝርዝር አልተመዘገበም። ለጎረቤታችን የአባቴ ሸሚዝ እንዲሰጣቸው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ውሳኔውም ተሻረ፤ ወንድሜ ወደ ፀጉር ማስተካከሉ ተመለሰ።

ሕጉ፣ ተረካቢ ስለሌለ መኪናው ነገ እንዲሸጥ ሐሳብ አቀረበ። እጆች አንድ በአንድ ወጡ። ሰብሳቢው ቁልፉ ሲሰጣቸው አልተቀበሉም። ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ጠረጉት። አቧራ አልነበረበትም። እንዲሸጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ጎረቤታችን በአዲሱ ሸሚዛቸው ሆነው፣ «ጋሼ፣ ሽጡትም አትሽጡትም በሬን ክፈቱልኝ! ደንበኛዬ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላለች!» አሉ።

ሕጉ ተቃወመ። የስብሰባው ቦታ «የጎረቤት በር ፊት» ተብሎ ስለተመዘገበ፣ ጉባኤው ሳይዘጋ መኪናው ከተነቃነቀ ቃለ ጉባኤው ውድቅ እንደሚሆን አስጠነቀቀ። ሰብሳቢው ግን ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ ሞከሩ። ጉልበታቸው እምቢ አለ። ተሰብሳቢው እርስ በርሱ ተያየ።

ጎረቤታችን፣ «ቁልፉ እሷ ጋ አይደል እንዴ? ታዲያ ትናገራ!» አሉ።

ጸሐፊዋ ቁልፉን ከጭኗ አነሣች። ደብተሩን ለሕጉ ሰጠች። ሰብሳቢው «ተነሡላት» አሉ፤ መጀመሪያ የተነሡትም ራሳቸው ናቸው።

ለስድስት ደቂቃ የተጻፈው በሕጉ እጅ ነው፤ እንዳለ ሰፍሯል፦

«ጸሐፊዋ መሪ ያዘች። ወደ ኋላ ነው የምትሄደው። እግዚኦ። ተሳቢው ታጠፈ። አጥሩ ሄደ። አይ፣ አልሄደም። አክስትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔም ጨፍኜ ነው የምጽፈው። ስፖኪዮው ከግድግዳው አንድ ጣት ቢቀረው ነው። ቆመች። አቀናች። ገባ! ከነተሳቢው ግቢ ገባ! ክላክስ ሁለት ጊዜ። ይኼኛው ድጋፍ ነው።»

ጸሐፊዋ ደብተሯን ተረከበች። ሰብሳቢው፣ ጉልበታቸው ከታመመ ጀምሮ እሑድ እሑድ መኪናው በሚታጠብበት ሜዳ ላይ ወደ ኋላ የምታስኬደው እሷ መሆኗን አመኑ። «አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ድንጋይ አልነካችም» አሉ። ከዚያም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እናቴ፣ «አንቺ! ይኼን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው? ለምን አልተናገርሽም?» አሉ።

ጸሐፊዋ ቁልፉን ማንም እንዳልሰጣት ገለጸች።

እናቴ፣ «ከሰዓቱን ሙሉ ጭንሽ ላይ ነበር እኮ፣ ልጄ!» አሉ።

ጸሐፊዋ ጭኗን አየች። ከዚያ አክስቴ መሳቅ ጀመሩ፤ መኝታው ተንቀጠቀጠ፤ ሁሉም ተከተሉ።

ቃለ ጉባኤው እንዲጸድቅ ተነበበ። ስለ አጭር አጥርና ስለ ዝምታ የተገለጸው ጋ ሲደረስ፣ ሕጉ ንግግሩ የሱ መሆኑን አስታወቀ። አክስቴ «አንተ ደግሞ መቼ ዝም ብለህ ታውቅና!» አሉት። ጸሐፊዋ ቁልፉን ከፍ አድርጋ ይዛ «የኔ ነው» አለች። ሰው ሁሉ ሰማት።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ወንድሜ ሾፌር ይሁን የሚለው፣ መኪናው ይሸጥ የሚለው፣ ክላክስ ድምፀ ተአቅቦ ነው የሚለው፣ ሁሉም ተሽሯል። ሕጉም ቦታው ስለተለወጠ ቀድሞውንም ሁሉም ነገር ውድቅ መሆኑን በደስታ አረጋገጠ። የሸሚዙ ውሳኔ ግን ጎረቤታችን ለብሰውት ስለሄዱ ሊሻር አልቻለም። ጸሐፊዋ መንጃ ፈቃድ እንድታወጣ፣ እስከዚያው ከግቢ እንዳትወጣ ተወስኗል፤ ወንድሜ አግብቶ ሲወልድም ለልጁ የመጀመሪያ ጥርስ እቤት እንድትገኝ እናቴ ቃል አስገብተዋታል።

ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በሩ ከውስጥ አልከፈት ብሎ፣ በመስኮት በመውጣት ተፈጸመ።

ነገ ጠዋት ገዢው ሲያንኳኳ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። «አይሸጥም» ማለት ብቻ ነው። ለባልዲው ሦስት ጊዜ ብዬለት ተለማምጃለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ ግን ጋቢና እወጣለሁ፤ ክላክሱን እጫነዋለሁ።