ደውለን አጣንዎት

(የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት። ጠጋኙ ሆዳቸው በተዘረገፈ ሬዲዮኖችና ቴሌቪዥኖች መሃል ተቀምጧል። ሰፈሩ «ሊቁ» የሚላቸው ጡረተኛ ባንኮኒውን በክርናቸው ተደግፈው ይከራከራሉ።)

ሊቁ፦ ደወልክ? ለእኔ?

ጠጋኝ፦ ደወልኩ እንጂ ጋሼ። ጠዋት ደወልኩ፣ ከምሳ በኋላ ደወልኩ። አያነሱም። ሰው እንዲህ ይጨክናል?

ሊቁ፦ በየትኛው ቁጥር?

ጠጋኝ፦ «የቤቴ ነው» ብለው በሰጡኝ ነዋ።

ሊቁ፦ የቤቴ ስልክ አሁን የት ነው ያለው?

ጠጋኝ፦ እዚህ፣ መደርደሪያው ላይ።

ሊቁ፦ ታዲያ በየት በኩል ላንሳው?

ጠጋኝ፦ እሱን እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ አልገባም።

ሊቁ፦ ስማኝ የኔ ልጅ፤ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። ገመድ አልባ ስልክ ነው፤ ሲም ካርዱ ሆዱ ውስጥ ነው። ስልኩ እዚህ ከመጣ ቁጥሩም አብሮት መጥቷል። አንተ ስትደውል የሚጮኸው እዚሁ ነው።

ጠጋኝ፦ እሱ ነው ለካ። ለእርስዎ በደወልኩ ቁጥር አንዱ ከመደርደሪያው ያንባርቅብኛል። የእርስዎን ጥሪ እንኳ በወጉ እንዳልሰማ ከለከለኝ። ጃኬቴን ጣልኩበት።

ሊቁ፦ ከጮኸ ተጠግኗላ።

ጠጋኝ፦ እኔም ተጠግኗል ብዬ ነበር የደወልኩት። ግን የሚያነሳ የለም። የማይነሳ ስልክ ደግሞ ደህና ነው አይባልም። ፈታሁት። ገጥሜ ስደውል አሁንም አይነሳም። መልሼ ፈትቼ ገጠምኩት። እንደ እርስዎ ስልክ ያለ መከራ አላየሁም።

ሊቁ፦ አምላኬ ሆይ። ልጄ ሩቅ አገር ልትወልድ ነው። እኔ ሞባይል አልይዝም፤ አእምሮ ያደነዝዛል። ወሬዋን የምሰማው በዚህ ስልክ ብቻ ነው።

ጠጋኝ፦ (ብሎን እያጠበቀ) ታዲያ የትናንቷ ልጅ የእርስዎ ናት ማለት ነው። ወልዳለች።

ሊቁ፦ ምን አልክ?

ጠጋኝ፦ ወንድ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው። ጩኸቱ ቢያሰለቸኝ አነሳሁት። «አባዬ፣ ተገላገልኩ» ብላ አለቀሰች። አባዬ አይደለሁም ልላት ነበር፤ እንባ አልችልም። እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ አልኳት።

ሊቁ፦ ድምፅህን አልለየችውም?

ጠጋኝ፦ ለየችው እንጂ። «ድምፅህ ምን ሆነ?» አለች። ስልኩ ጥገና ላይ ነው አልኳት። ዋሸሁ?

ሊቁ፦ ሌላስ?

ጠጋኝ፦ ስሙን አንተ ካላወጣህለት አለች።

ሊቁ፦ አላወጣህም።

ጠጋኝ፦ አወጣሁ። ከፊቴ ካርቶን ነበር፣ የተጻፈበትን አነበብኩላት።

ሊቁ፦ ምን ይላል ካርቶኑ?

ጠጋኝ፦ ዋስትና።

ሊቁ፦ (በእጃቸው ወንበር እየፈለጉ) የልጅ ልጄ ስሙ ዋስትና ነው።

ጠጋኝ፦ ባልየውም ወዶታል። «አባባ ሲያወጡ እኮ ትርጉም ያለው ነው» ሲል ሰማሁት።

ሊቁ፦ አምጣ ስልኬን። ሳይለመድበት ልድረስ።

ጠጋኝ፦ አይሆንም ጋሼ። የቤቱ ደንብ ነው፤ ዕቃ የሚወጣው ተደውሎለት ለመጣ ነው። እርስዎ ሳይደወልልዎ ነው የመጡት።

ሊቁ፦ አፍንጫህ ሥር ቆሜ?

ጠጋኝ፦ እሱ ነው ያስቸገረኝ።

ሊቁ፦ (ፈገግ ብለው) ይኸውልህ፣ ጭንቅላት የተፈጠረው ለዚህ ነው። አሁን ደውል። እኔ አነሳለሁ። ደንብህም ሞላ፣ ነገሩም አለቀ።

(ጠጋኙ በሞባይሉ ይደውላል። ከጃኬቱ ሥር ስልኩ ይጮኻል። ሊቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጀርባቸውን ለጠጋኙ ሰጥተው ያነሳሉ።)

ሊቁ፦ ሀሎ፣ ማን ልበል?

ጠጋኝ፦ ከጥገና ቤት ነው ጋሼ። ስልክዎ ደርሷል።

ሊቁ፦ ጎሽ። ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አጠገቤ ያለህ ነው የሚመስለው።

ጠጋኝ፦ የእርስዎም። መቼ መጥተው ይወስዱታል?

ሊቁ፦ አሁንስ አይመቸኝም። ልጄ ወልዳለች፤ ቤት ሆኜ ስልኳን መጠበቅ አለብኝ። ነገ ጠዋት ብቅ እላለሁ።

ጠጋኝ፦ እሺ ጋሼ፣ እንጠብቅዎታለን።

(ሊቁ ስልኩን ዘግተው መደርደሪያው ላይ ይመልሱታል። ጃኬቱንም ደልደል አድርገው ያለብሱታል።)

ሊቁ፦ (ባርኔጣቸውን እየደፉ፣ ከበሩ ላይ) አየህ? የሚያስረዳህ ሰው አጥተህ ነው እንጂ ቀላል ነበር።

(ይወጣሉ። በሩ እንደተዘጋ ስልኩ ይጮኻል። ጠጋኙ በሩን ያያል፣ ስልኩን ያያል። ጃኬቱን ገልጦ ያነሳል።)

ጠጋኝ፦ ሀሎ... አለሁ፣ የኔ ልጅ። ዋስትና እንዴት አደረ?