የአቶ አይታወቅም ጓዝ

እግዜር ለየሰፈሩ አንድ «አይታወቅም» ባይ ሳያድል አልቀረም። ታውቁታላችሁ። ጎባ ለቅሶ ደርሶ ከሰዓት ለመመለስ ጃንጥላ፣ ፎጣና የሁለት ቀን መድኃኒት ይዞ የሚወጣው ሰው ነው። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን ጃኬቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ታገኙትና «ምነው?» ስትሉት፣ «አይታወቅም» ይላችኋል። የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው። ምን ይታወቃል?

የሮቤው የዚህ ወገን ተጠሪ ክቡር አቶ ፍቅረሥላሴ ነው። ሰፈሩ ጋሽ ፍቅሬ ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ራሰ በራ፣ ሸንቃጣ፣ ከኪሱ ሲባጎ የማይጠፋ ሰው ነው። ሲባጎው ለምን እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱን አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

ይህ ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ማንንም አይጎዳም ነበር። ግን በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ታጭዶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከዲንሾ ተነሥቶ በፈረስ የወብን ሸለቆ እያቋረጠ አራት ቀን እስከ ሳነቴ አምባ ድረስ መጓዝ ይወዳል። ሦስቱን ሌሊት ድንኳን ውስጥ ያድራል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን መንገድ የሄደው ከሚስቱ ከጣይቱ ጋር ነው፤ እሷም ፈረስ ላይ ስትወጣ ሃያ ዓመት ይቀነስላታል።

ሽክፈቱ የሚጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሳሎኑ ወለል ላይ ሸራ ይነጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ እንግዳ በጓሮ በር ነው የሚገባው። ሁለት ባትሪ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ጨለማ ውስጥ ቢጠፉ የሚፈለጉበት ሦስተኛ ባትሪም አለ። አራት ሹራብ፣ ሁለት ጃንጥላ፣ መዶሻ፣ የመዶሻው እጀታ ቢሰበር ሌላ እጀታ። ከሁሉም በላይ ግን የጣይቱን ትዕግሥት የምትፈትነው የከሰል ካውያዋ ነበረች።

«ካውያ ለምንህ ነው?»

«አይታወቅም። ሰው እንገናኝ ይሆናል።»

«አራት ሺህ ሜትር ላይ ከማን ጋር? ከቀይ ቀበሮ ጋር?»

«ቀበሮዋም ብትሆን ባላገር ናት። እንግዶቹ እኛ ነን» ይላል ኮራ ብሎ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውንም ሳያስከትል አያልፍም።

አብሯቸው የሚጓዘው ጎረቤታቸው ሳላሕዲን ከስልጤ መጥቶ ሮቤ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል። የሱ ጓዝ አንድ ፌስታል ነው። «ወላሂ ጋሽ ፍቅሬ፣ ሰው እኮ ወደዚህች ዓለም የመጣው ባዶ እጁን ነው!» እያለ ያሾፋል። መጀመሪያው ድንኳን እንደተተከለ ግን ካልሲ የሚበደረው ከማን ይመስላችኋል?

ጣይቱም የራሷ ብልሃት ነበራት። በጉዞው ዋዜማ ከምሳ በኋላ ጋሽ ፍቅሬ ፀጉር ቤት ይሄዳል። አናቱ ላይ የቀረው ፀጉር ተቆጥሮ የሚያልቅ ቢሆንም፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው አይመለስም። ጣይቱ በዚያ መሐል ጓዙ የታሸገባቸውን ሁለት ማዳበሪያዎች ፈትታ ግማሹን ዕቃ አልጋ ሥር ትከትና፣ ክፍተቱን በብርድ ልብስ ሞልታ እንደነበሩ ታስራቸዋለች። ካውያዋ ዐሥራ አንድ ዓመት ስትሸከፍ አንድም ቀን ዲንሾን አይታ አታውቅም። ጋሽ ፍቅሬም ተራራው ላይ ሆኖ «ካውያዬስ?» ብሎ አያውቅም። ጣይቱ ይህን የእርጅና መርሳት አድርጋ ወስዳው፣ እግዜርን በልቧ ታመሰግን ነበር።

ምስጢሩን ከሷ ሌላ የሚያውቀው ባለፈረሱ ኢዶሳ ብቻ ነው። ጭነቱ ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድማ በስልክ የምትነግረው እሷ ናት። ኢዶሳ ለጋሽ ፍቅሬ ስም አውጥቶለታል፤ «ኦቦ ሂንቤከሙ» ይለዋል። በኦሮምኛ ያው አቶ አይታወቅም ማለት ነው።

ዘንድሮ ነገር ተበላሸ። በሰኔ ጣይቱን ልቧን አመማት። ሐኪሙ መርምሮ «ዲንሾ ድረስ ደርሶ መመለስ ምንም አይደል። ከዚያ በላይ መውጣት ግን፣ ያውም ማደር፣ ዘንድሮ የማይታሰብ ነው» አላት። ጋሽ ፍቅሬ አጠገቧ ተቀምጦ ነበርና ወዲያው «እንግዲያው እኔም አልሄድም» አለ።

ይህ ከሕመሙ የባሰ አመማት። ባሏ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ከፈረስ ከወረደ ለከርሞ እንደማይወጣ አወቀች፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሷን ትንፋሽ እያዳመጠ ሲያረጅ ታያት። «በኔ ምክንያት የቀረ ሰው ቤቴ ውስጥ አላይም» ብላ ሦስት ወር ተሟገተችው። ሳላሕዲንን ሽማግሌ አድርጋ ላከች፤ ሁለት ቀንም አኮረፈች። በመጨረሻ እሺ አለ፤ ድምፁ ግን የእምቢታ ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሽክፈቱን ከሦስት ሳምንት ወደ አምስት ሳምንት አራዘመው፤ ሲፈታ፣ ሲያስር፣ ደግሞ ሲፈታ።

በዋዜማው እንደ ልማዱ ፀጉር ቤት ሄደ። ጣይቱ ሸራው ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ፈታች። ካውያዋ ብቅ አለች። አውጥታ ጎን አደረገቻት፤ ከዚያ ቆም ብላ አሰበች። ሸሚዙ ተጨማድዶ ቢያዩት ሚስቱ ሞታለች እንዴ አይሉም? መልሳ ከተተቻት። ሦስተኛውን ሹራብ አወጣች። ብርዱ ከወትሮው ቢጠናስ? ሌላ ጊዜ ጀርባውን ከጀርባዋ ገጥሞ ነበር የሚተኛው፤ ዘንድሮ ጀርባውን ማን ያሞቅለታል? ሹራቡም ተመለሰ። ሁለተኛው ጃንጥላም፣ መዶሻውም ተራ በተራ ተመለሱ። ዕድሜ ልኳን የሣቀችበት ቃል ዛሬ ዞሮ አፏ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከሁለተኛው ማዳበሪያ ሥር አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ አገኘች። ጋሽ ፍቅሬ ራሱ ጠርቦ የሠራላት፣ ፈረስ ላይ ስትወጣ የምትረግጣት በርጩማዋ ናት። ሌላ ማንም አይረግጣትም። ጣይቱ አውጥታ ወለሉ ላይ አቆመቻትና ብዙ ደቂቃ ተቀመጠችባት። አልቅሳለች፤ ለምን እንደብቃለን። ከዚያ በርጩማዋን ወደ ቦታዋ መልሳ፣ አንድ ጣሳ በቅቤ የታሸ ጩኮና የራሷን ጋቢ ጨመረችበትና ማዳበሪያውን አጥብቃ አሰረችው። ጭነቱ መክበዱን ለኢዶሳ መደወል ግን ረሳች።

በማግስቱ ጠዋት ባልና ሚስቱ ከሳላሕዲን ጋር ዲንሾ ደረሱ። ጣይቱ ልትሸኝ ነው የመጣችው። ኢዶሳ ሦስት ፈረሶች ይዞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ሁለቱ የሚቀመጡባቸው፣ አንዱ የጭነት።

«አካም ቡልተኒ፣ አዴ ጣይቱ! ጤናዎ እንዴት ነው?»

ሰላምታው እንዳለቀ ኢዶሳ እንደ ልማዱ አንዱን ማዳበሪያ በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ሊያነሣ ሞከረ። በፈረስ ጭነት ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ወገን ከበለጠ ኮርቻው ይዞርና የፈረሱ ጀርባ ይቆስላል። ኢዶሳ ሚዛን አያውቅም፤ በሁለት እጁ ነው የሚመዝነው፤ የቀለለውን ወገን ድንጋይ ከትቶ ያስተካክላል። የዛሬውን ግን መመዘን ቀርቶ ከመሬት ማላቀቅም አቃተው።

«ያ ረቢ! ኦቦ ፍቅሬ፣ ይሄንን እንኳን ፈረስ አይሱዙም አይችለውም።»

«ሌላ ፈረስ ጨምር እንጂ» አለ ሳላሕዲን።

«የለም። የቀሩት ትናንት ከቱሪስት ጋር ወጥተዋል።»

ይህን ጊዜ የጋሽ ፍቅሬ ፊት በራ። «እንግዲያውስ ይቅር!» አለ። «እንስሳ ማሰቃየት ኃጢአት ነው። እኛ አልቀረንም፤ ፈረስ ነው ያስቀረን። ነይ ጣይቱ፣ ሚኒባሱ ሳይሄድ እንመለስ።» ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ ለሠርግ ይበቃ ነበር።

ጣይቱ ባለችበት ቀረች። ሦስት ወር የታገለችለት ነገር በገዛ እጇ፣ በአንድ ካውያና በሁለት ጃንጥላ ሊበላሽ ነው። ኢዶሳ ደግሞ ግራ ገብቶት ያልታሰበውን ጠየቀ።

«አዴ ጣይቱ፣ ዘንድሮ አላወጡም እንዴ?»

ከአፉ ሲወጣ ነው የገባው። ሳላሕዲን ጉሮሮውን ጠረገ። ጣይቱ መሬት መሬት አየች፤ የዐሥራ አንድ ዓመት ሌብነቷ ዲንሾ መሐል ተጋልጧል።

ጋሽ ፍቅሬ ግን አልተቆጣም፤ አልገረመውምም። መላጣውን በእጁ ዳሰሰ።

«ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፀጉር ቤት ምን ልሠራ የምሄድ ይመስልሻል?»

«ታውቅ ነበር?»

«ንብረት ክፍል ሳለሁ አሥር ወንበር የፈለገ ሁሉ ሃያ ብሎ ነበር የሚጠይቀኝ። ግማሹን እንደምሰርዝበት ያውቃል። አንቺም እንደምትሰርዢ አውቃለሁ። ካውያዋን የምጨምራት እንድታወጪያት ነው። ካውያ ካጣሽ ብርድ ልብሱን ታወጪብኛለሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘንድሮ ለምን አልሰረዝሽም?»

«ፈራሁ» አለች። «አብሬህ ከሌለሁ ምን እንደሚጎድልህ በምን አውቃለሁ?»

«የሚጎድለኝንማ ታውቂዋለሽ።»

ሳላሕዲን ፌስታሉን ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ። ጣይቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀና አለች።

«እሱን አልጭንልህም፤ ሐኪም ከልክሏል። ኢዶሳ፣ ሸራውን አንጥፍ።»

ያን ዕለት ዲንሾ ላይ የተካሄደውን የበጀት ስብሰባ ያየ ሁሉ ያወራዋል። ጣይቱ ሸራው መሐል ተቀምጣ ታወጣለች፤ ጋሽ ፍቅሬ ቆሞ ይሟገታል። ካውያ ውጪ። መዶሻ ከነመለዋወጫው ውጪ። ሦስተኛው ሹራብ ላይ ክርክሩ ጠንክሮ ሳላሕዲን ሁለት ጊዜ አስታረቀ፤ የኋላ ኋላ ሹራቡም ወጣ። ጃንጥላዎቹ ሁለቱም ወጡ። ጩኮው ግን እንደተጫነ ቀረ። ጋቢዋም አልወጣችም፤ ጋሽ ፍቅሬ የማን እንደሆነች ሲያይ አጣጥፎ ራሱ ከተታት።

ከመጨረሻ በርጩማዋ ወጣች። ጣይቱ ከፍ አድርጋ ያዘቻት።

«ይቺስ? እኔ አልሄድ። ለምንህ ናት?»

ጋሽ ፍቅሬ መሬቱን አየ፤ ተራራውን አየ።

«አይታወቅም» አለ።

ጣይቱ ይህችን ቃል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰምታታለች፤ እንዲህ ሆና ግን አንድም ቀን አልሰማቻትም። ይህ ሰው መምጣቷን አሁንም እየጠበቀ ነው፤ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ። በርጩማዋን ከወጣው ዕቃ ጋር ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻት።

ኢዶሳ ማዳበሪያዎቹን እንደገና በሁለት እጁ አነሣ። ፈገግ አለ፤ ፈረሱ ይችለዋል። «ግራው ትንሽ ቀሏል» አለና ድንጋይ ሊያመጣ ጎንበስ ሲል ጣይቱ ጠራችው።

«ድንጋይ ተው። ይቺን ክተት» ብላ በርጩማዋን ሰጠችው። ኢዶሳ ከትቶ ቢመዝን፣ ግራና ቀኙ እኩል ሆነ። ወደ ባሏ ዞራ «ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀመጥባት። ወገብህን ያምሃል» አለችው።

ጋሽ ፍቅሬ እርካቡን ረግጦ ወጣ። ጣይቱ ሲሄድ ቆማ አየችው፤ ዛፎቹ እስኪጋርዱት አራት ጊዜ ዞሮ አያት። ፈረስ ላይ ሲሆን እሱም ሃያ ዓመት ይቀነስለታል። እሷ ለካ ሁልጊዜ አጠገቡ እየጋለበች ይህን አይታለት አታውቅም ነበር።

መንገድ ዳር ከዕቃ ክምሩ ጋር ቀረች። ነፋሱ ሲጀምራት ሦስተኛውን ሹራብ ለበሰች። የዲንሾ ሰማይ ማንንም ሳያማክር ካፊያ ሲጥል ጃንጥላ ዘረጋች። ሚኒባሱ መጥቶ ስትገባ፣ አጠገቧ ጁሀራ የምትባል የሮቤ ነጋዴ ተቀምጣ ነበር። ጁሀራ ክምሩን አየችና ዓይኗን ማመን አቃታት።

«ቢስሚላሂ! ይሄ ሁሉ ዕቃ! ስንት ቀን ቆይተው ነው የሚመለሱት?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ካውያ ለምንዎ ነው?»

ጣይቱ በመስኮቱ ወደ ተራራው አየች። ካውያዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ በሁለት እጇ ያዘቻት።

«አይታወቅም፣ ልጄ» አለች።