የካሜራ መረጣው ዐቢይ ኮሚቴ

ዓለም ብዙ ኮሚቴ አይታለች። ጦርነት ያስቆሙ አሉ፤ ወንዝ የገደቡ አሉ፤ ስብሰባቸውን በሰዓቱ ጀመሩ ተብሎ የሚወራላቸውም አልጠፉም። ይሁን እንጂ አሶሳ ውስጥ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ መሥሪያ ቤት፣ የተቋቋመው የካሜራ መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ ከሁሉም በላይ ሊታወስ ይገባዋል። ሁለት ያገለገሉ የፊልም ካሜራዎች ቀርበውለት፣ ሁለቱም አቅምን ያገናዘቡ ሆነው ሳለ፣ የማይሆነውን በጭብጨባ መርጧል።

ሰብሳቢው የባህል ባለሙያው ደባልቄ ነበር። ደባልቄ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ ፊልም እሠራለሁ እንዳለ ነው። ያውም እንደ ዘመኑ ልጆች በስልክ ሳይሆን በእውነተኛው ፊልም፣ በጥቅልሉ። “ዲጂታል ነፍስ የለውም” ይላል። ነፍስ ያለውን ነክተህ ታውቃለህ ወይ ሲሉት ወሬ ይቀይራል። ብቻውን ሲሆን በራሱ መሳቁ አልቀረም፤ ሳቁ ግን አንድም ቀን ሐሳቡን አስቀይሮት አያውቅም።

የፊልሙ ባለታሪክ ከአሶሳ ራቅ ብላ ያለችው የመንጌ ነዋሪ እማማ ኢንዓም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥቡ የኖሩ፣ ሙያውንም ከእናታቸው የተማሩ ሴት ናቸው። ከዚህ ቀደም አንድ ቡድን ቀርጿቸው፣ በድምፃቸው ላይ የአንዲት አንባቢ ድምፅ ጭኖ በቴሌቪዥን አሳይቷቸዋል። መንደርተኛው “ኢንዓም መቼ ነው እንዲህ ያለ አማርኛ የለመደችው?” እያለ ሲስቅ ከረመ። እሳቸውን ያሳዘናቸው ግን ሳቁ አልነበረም። ስለ እናታቸው ከተናገሩት አንድም ቃል ሳይተላለፍ መቅረቱ ነው።

“ኡስታዝ” አሉት ደባልቄን፣ የተማረ ነው ብለው ሲያከብሩት፣ “እኔ ድምፅ አለኝ። የኔ እናት ወርቅ ያውቃል ነበር። እሱን እኔ በራሴ አፍ ልናገር። ሌላ ሰው አፍ አልፈልግም።”

“ቃሌ ነው እማማ! ድምፅዎ ከከንፈርዎ ጋር እኩል ይሄዳል። ሌላ ሰው አንዲት ቃል ቢጨምርብዎ እኔን ደባልቄ አይበሉኝ!”

ንግግሩ ልብ የሚነካ ነበር። ከሁሉ በፊት የተነካው የራሱ የደባልቄ ልብ ነው፤ ዐይኑ እንባ አቀረረ።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ካሜራ ሁለት ነገር ይፈለግበታል፤ ሲሠራ እንዳይንጫጫና ፍጥነቱ እንዳይዋዥቅ። ድምፁ ለብቻው በመቅረጫ ተይዞ በኋላ ከምስሉ ጋር ስለሚገጠም፣ ካሜራው ከተንጫጫ ጩኸቱ አብሮ ይቀዳል፤ ከዋዠቀ ደግሞ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ። ደባልቄ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ለኮሚቴው አባላትም ሰፊ ገለጻ አድርጎ ተመስግኖበታል።

አዲስ አበባ ያለው ሻጭ የሁለቱን ካሜራዎች ፎቶ በቴሌግራም ላከ። አንደኛው በባትሪ የሚሠራ፣ ጸጥተኛና ፍጥነቱ የማይዛነፍ ነው። ሁለተኛው እንደ ድሮ የጠረጴዛ ሰዓት በቁልፍ እየተጠመዘዘ የሚሠራ ነው።

“የመጀመሪያው ይሁን፤ አለቀ” አለች የኮሚቴው ጸሐፊ ሔለን።

ሰራዊት የተባለው የግዥ ባለሙያ ጉሮሮውን ጠረገ። “ክቡር ሰብሳቢ፣ ነባራዊ ሁኔታውን ከግምት እናስገባ እንጂ! ባትሪው በምን ይሞላል?”

“በመብራት።”

“መብራቱስ?”

መልስ የሰጠው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ማራገቢያውም እየተንፏቀቀ ቆመ።

“የሚጠመዘዘው ግን” አለ ሰራዊት ላቡን እየጠረገ፣ “መብራት ኖረ አልኖረ ደንታ የለውም። ከአካባቢያችን ጋር የተጣጣመ ቴክኖሎጂ ነው።”

“የተጣጣመ” የሚለው ቃል ደባልቄን አንበረከከው።

“ይንጫጫል እኮ!” አለች ሔለን። “ራስህ አይደለህ ያስረዳኸን?”

“ጩኸት በአስተዳደራዊ መንገድ የሚፈታ ችግር ነው” አለ ደባልቄ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለራሱም አልገባውም፤ ግን አምሮበት ስለተናገረ ተጨበጨበለት።

“ባትሪውን እዚሁ ሞልተን ብንሄድስ?” አለች ሔለን።

“እህቴ፣ ውሳኔው ተላልፏል።”

መንጌ ሲደርሱ አስተዳደራዊው መፍትሔ ብርድ ልብስ ሆኖ ተገኘ። ካሜራውንና ካሜራ ያዡን ሰራዊትን አንድ ላይ ጠቅልለው ከእማማ ኢንዓም ፊት ገተሯቸው። ጸጥታ ለማስከበር ሲባልም የሁሉም ስልክ መኪና ውስጥ ተቆለፈበት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ካሜራው እንደ ስፌት መኪና እየተንጫጫ ይንቀጠቀጣል፤ ሰራዊትም አብሮት ይንቀጠቀጣል።

እማማ ኢንዓም ብርድ ልብሱን ትክ ብለው አዩት። “ወባ ነው?”

“አይ እማማ፣ ካሜራ ነው።”

“አላህ ያሽረው” አሉ።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ተገባ። ማለት፣ አልተገባም። በእማማ ኢንዓም ዘንድ ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ አይነሳም፤ ሰላምታ ማለት ደግሞ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ፍየሎቹ፣ ኩርሙክ ስለሄደው ዘመድ ሁሉ ተራ በተራ መጠየቅ ነው። ካሜራው በአንድ ጥምዘዛ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይዘልቅም። ፍየሎቹ ጋ ሲደርሱ ቀጥ ይላል።

“እንደገና!” ይላል ደባልቄ። ሰራዊት ይጠመዝዛል። እማማ ኢንዓምም እንደገና ተገናኘን ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከጤናው ይጀምራሉ።

“እማማ፣ ሰላምታውን ትተው በቀጥታ ስለ እናትዎ…”

“ሰላም ሳልል? እኔ ባለጌ ነኝ?”

ስለ እናታቸው መናገር የጀመሩት የመጨረሻው ጥቅልል ካለቀ በኋላ ነበር። የመቅረጫው ባትሪም ቀድሞ አልቋል፤ መቅረጫውን የሚመለከት ኮሚቴ አልተቋቋመም ነበርና። እናታቸው ውሃው ሲደፈርስ እያዩ ወርቁ የት እንዳለ እንዴት እንደሚያውቁ፣ ያገኙትንም ይዘው በረሃብ ዘመን መንደሩን እንዴት እንዳተረፉ ተናገሩ። ሔለን አለቀሰች። ደባልቄም አለቀሰ፤ የእሱ ምክንያት ሌላ ነበር።

ጥቅልሎቹ ውጭ አገር ታጥበው ሲመለሱ ምስሉ ሰላምታ ብቻ፣ ድምፁም ስፌት መኪና ብቻ ሆነ። የምረቃው ቀን ተቆርጧል፤ የክብር እንግዶች ተጠርተዋል።

“ሔሉ፣ አንቺ እንኳ በድምፅሽ…” አለ ደባልቄ።

“እኔ የሰው አፍ አልሰርቅም።”

ደባልቄ የገባው ቃል ትዝ አለውና አፈረ። ከልቡ ነው ያፈረው። አፍሮ ሲያበቃ ማይክሮፎኑን አነሳ።

በምረቃው ዕለት እማማ ኢንዓም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማያው ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ሰበር እያደረጉ ስለ ፍየሎቹ ይጠይቃሉ። ከአፋቸው የሚወጣው ግን ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው፦ “ባህላዊ የወርቅ አመራረት ለማኅበረሰባችን ሁለንተናዊ ዕድገት ያለው ፋይዳ እጅግ የጎላ ነው!” ደባልቄ ስለ እናታቸውም ሊጨምር አስቦ ነበር፤ ምስሉ አለቀበት።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰው ሲበተን ደባልቄ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወደ እማማ ኢንዓም ቀረበ።

“እማማ፣ ምን ብዬ ይቅርታ…”

“ኡስታዝ፣ ሌላ ፊልም ትሠራለህ?”

“እንጃ እማማ።”

“ሥራ። በዚያኛው ፊልም ወንዝ ዳር አንተ ቁጭ በል። አፍህን ክፈት፣ ዝጋ፣ ክፈት፣ ዝጋ። ስላንተ እናት እኔ እናገራለሁ።”