የጋሽ ጀርባው የእህት ልጅ

ማንም ሳይሾመው ራሱን የሾመ ሰው የሌለበት ሱቅ የለም። የእኛ ሰፈር ተሿሚ ክቡር ጋሽ ጀርባው ናቸው፤ የወተት ማቀዝቀዣው የበላይ ጠባቂ። አርባ ዓመት መዝገብ ቤት የሰው ፋይል ሲያገላብጡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አይብ ዞሩ።

እጅህ አንድ እሽግ ከነካ አለቀልህ። አጉሊ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘው፣ "ጀርባውን አየኸው?" ይላሉ። ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው። "ፊቱማ ላም ነው፣ አበባ ነው። ጉዱ ያለው ከጀርባው ነው።" አንዲት ሴትዮ እርጎዋን እንደ ኮንትሮባንድ ነጠላዋ ስር ደብቃ ስታልፋቸው አይቻለሁ።

ኩላሊቴ መድከሙን ሐኪም በነገረኝ ሳምንት እኔም እጃቸው ወደቅሁ። ስስ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ አይብና ባለ ሁለት ሊትር ወተት ይዤ ነበር።

"ለማን ነው?"

"ለራሴ። ኩላሊቴን ትንሽ…"

"ኩላሊት እያልክ ይሄን?" አይቡን ቀምተው መለሱት። "ፎስፌት ጨምረውበታል፤ የኩላሊት ጠላት፤ ይኸውልህ። ጨውም ሞልቶታል። ወተትስ ስንት ፈቀዱልህ?"

"በቀን ግማሽ ብርጭቆ።"

"ታዲያ ሁለት ሊትሩን ምን ልታደርገው ነው፣ ልትታጠብበት? ትንሿን ያዝ።"

ትልቁን ያነሳሁት በልማድ ነበር፤ ቤቴ ውስጥ አራት ሰው በነበረበት ጊዜ በያዝኩት ልማድ። መልሼ ትንሿን ያዝኩ።

ባለፈው ወር የሱቁ ባለቤት ታከተው። "አባት፣ ደንበኛ እያሸሹብኝ ነው። የማይገዙ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ባይመጡ ደስ ይለኛል።"

ጋሽ ጀርባው አጉሊ መነጽሩን ሊከቱ ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለቴም ኪሳቸውን ሳቱት።

"አጎቴ ናቸው" አልኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። "ዓይኔ ደካማ ነው። እሳቸው ናቸው የሚያነቡልኝ።"

ባለቤቱ ሁለታችንንም በየተራ አየን። "እንግዲያው እሳቸው ለእርስዎ ብቻ ያንብቡ" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ዛሬ በዚያ ማቀዝቀዣ ያለውን ዕቃ ሁሉ ጀርባ በቃሌ እወጣዋለሁ። መነጽሬም ኪሴ ውስጥ ነው። ግን በየማክሰኞው ትንሿን ወተት አንስቼ ዓይኔን አጨናብሳለሁ። እሳቸውም ከዳቦው መደርደሪያ ማዶ፣ ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ "የእህቴ ልጅ፣ ቆይ፤ እኔ ሳላየው እንዳትከፍል" ይላሉ።

እናቴ ከሞተች ወዲህ ልጅ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። እቆያለሁ።